የእንጨት ጋራዥ በርን ከመኪና ሌባ መጠበቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንነጋገረው በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መኪና፣ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ስለሚያድርበት ጋራዥ ነው፤ በአዲስ አበባ የድሮ ቪላዎች አሁንም እንደሚታየው በሩ ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት መዝጊያ የሆነ። ውጭ አገር ስለተለመደው ወደ ላይ ስለሚከፈተው በር ወደ ታች አንድ ጥያቄ አለ።

ትልቅ ጓጉንቸር ብገዛ አይበቃም?

አይበቃም። የእንጨት በር የሚሸነፈው ቁልፉ ከእንጨቱ ጋር በተያያዘበት ቦታ ነው። ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበት ብረት፣ ማለትም ተጣፊው ምላስና ቀለበቱ፣ ብዙውን ጊዜ በአራት ወይም በስድስት አጭር ቪቴ ይታሰራል። ርዝመታቸው ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ከምላሱ ሥር መፈንቀያ ብረት ገብቶ ሲጫን ቪቴዎቹ እንጨቱን እየቦጨቁ አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ መሬት ይወድቃል። የቪቴው ጭንቅላት ከውጭ የሚታይ ከሆነ ደግሞ መፈንቀያም አያስፈልግም፤ ካቻቪቴ ይበቃል። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ እንጨቱ ስለሚያብጥና ስለሚኮማተር ቀዳዳዎቹ በራሳቸው ጊዜ ይላላሉ። ውድ ጓጉንቸር ከመግዛትዎ በፊት ገንዘቡን ብሎን ላይ ያውሉት።

ታዲያ ማንጠልጠያው በምን ይታሰር?

መዝጊያውን ከውጭ ወደ ውስጥ በስቶ በሚያልፍ ባለ 10 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር) ብሎን። የሚፈለገው ዓይነት ጭንቅላቱ ድቡልቡልና ለስላሳ፣ ከጭንቅላቱ ሥር አራት ማዕዘን አንገት ያለው ነው። ጭንቅላቱ ቁልፍም ካቻቪቴም የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ከውጭ ሊፈታ አይችልም። ለአንድ ማንጠልጠያ አራት ብሎን ለምላሱ፣ ቢያንስ ሁለት ለቀለበቱ ይያዙ።

ርዝመቱን ሲገዙ ይደምሩ፦ የእንጨቱ ውፍረት 45 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ ብረት 4፣ ከውስጥ የሚደገፍበት ላሜራ 5፣ ሮንዴላ 2፣ ዳዶ ወደ 10። ድምሩ 66 ስለሚሆን ባለ 70 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ከዚህ አጭር ከሆነ ዳዶው ሙሉ ጥርስ አይይዝም።

በ10 ፑንታ ከውጭ ወደ ውስጥ ቀጥ አድርገው ይብሱ። ፑንታው በሌላኛው ወገን ሲወጣ እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው ከጀርባ ቁራጭ ጣውላ አስጠግተው ይያዙ። ከውስጥ በኩል ዳዶዎቹን በተናጠል ሮንዴላ ላይ ብቻ አያሳርፉ፤ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ከማንጠልጠያው ሰፋ ያለ አንድ ላሜራ ሁሉንም ብሎኖች ይዞ ይቀመጥ። ያኔ የሚጎትት ሰው የሚታገለው ከአራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ጋር መሆኑ ቀርቶ የመዝጊያውን ሰፊ ክፍል መገንጠል ይኖርበታል። ካጠበቁ በኋላ የተረፈውን ጥርስ ቆርጠው ጫፉን በመዶሻ ይደፍጥጡት።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የብሎኑ አንገት ነው። አራት ማዕዘኑ አንገት እንጨት ውስጥ ተመትቶ ሲገባ ይነክሳል፤ ከእንጨቱ ውጭ ብረት ካለ ግን የብረቱ ቀዳዳ ክብ ስለሆነ አንገቱ ላዩ ላይ ይንጠለጠልና ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ይዞራል። የብረቱን ቀዳዳ በሞረድ አራት ማዕዘን ያድርጉት፤ አምስት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ብሎኑን ከብረቱ ጋር ለመበየድ የሚመርጥ ባለሙያ ካለ ብየዳው ከእንጨቱ ርቆ ይሠራ። እንጨቱ ላይ እያለ የተበየደ ብረት ውስጡን አክስሎ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ነዳጅ አለ።

ማጠፊያዎቹስ አደጋ አላቸው?

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ በጣም። የማጠፊያው ዘንግ ከውጭ ስለሚታይ በመዶሻና በምስማር ከታች ወደ ላይ ተመትቶ ይወጣል፤ መዝጊያው ቁልፉን ሳይነካ በማጠፊያው በኩል ይከፈታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ቢደረጉ ይመረጣል።

አንደኛው የዘንጉን ሁለት ጫፍ በብየዳ ነጥብ ማሰር ወይም መደፍጠጥ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ የምናምንበት ግን በማጠፊያው ወገን በመዝጊያው ጠርዝ ላይ የሚተከል የብረት ጥርስ ነው፦ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ከጠርዙ ወጣ የሚለው 12 ወይም 15 ሚሊ ሜትር። በሩ ሲዘጋ ጥርሱ መቃኑ ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ይገባል። ማጠፊያው ጨርሶ ቢነቀል እንኳ መዝጊያው ከመቃኑ አይላቀቅም። በእያንዳንዱ መዝጊያ ሁለት ጥርስ፣ አንዱ ከላይኛው ማጠፊያ በ10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ከታችኛው በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይተከል። የጥርሱን ጫፍ ኖራ ቀብተው በሩን ቀስ ብለው ሲዘጉ መቃኑ ላይ ምልክት ያገኛሉ። ቀዳዳውን ከጥርሱ በ2 ወይም በ3 ሚሊ ሜትር አስፍተው ይብሱት፤ ልክ በልኩ ከተበሳ ሐምሌ ላይ በሩ አይዘጋም።

የማጠፊያው ረጅም ክንፍ በቪቴ የታሰረ ከሆነ እሱንም በበስቶ አላፊ ብሎን ይቀይሩት፤ ለአንድ ክንፍ ሦስት ይበቃል።

አንዱን መዝጊያ የሚይዘው የላይና የታች መሸጎሪያ ምን መምሰል አለበት?

ቀድሞ የሚዘጋው መዝጊያ ካልጸና ጓጉንቸሩ ሁለት የሚወዛወዙ ሳንቃዎችን እርስ በርስ ከማሰር ያለፈ ሥራ አይሠራም። መሃሉ ላይ በትከሻ ሲገፋ የታችኛው ጫፍ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ መፈንቀያ የሚገባበት በቂ ክፍተት አለ ማለት ነው።

የታችኛው መሸጎሪያ 16 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ለስላሳ ክብ ብረት ይሁን፤ ወለሉ ውስጥ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። የሚገባበት ቀዳዳ ሲሚንቶው ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ብቻ ከሆነ አፉ እየተፈረፈረ ይሰፋል። ውስጡ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ 12 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በኮንክሪት ይቅበሩ፤ የቱቦው ታች ክፍት ሆኖ ጠጠር ላይ ይረፍ። ታቹ ከተደፈነ ውሃና አፈር ይሞላዋል፤ መሸጎሪያው ግማሽ ላይ ይቆማል፤ የቤቱ ሰው ደግሞ የተዘጋ ይመስለዋል። በወር አንድ ጊዜ በሽቦ ያጽዱት።

የላይኛው መሸጎሪያ ጉበኑ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ይግባ። የሁለቱም እጀታ ከተዘጋ በኋላ ተጣጥፎ በትንሽ ጓጉንቸር ወይም በፒን የሚያዝ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በመዝጊያዎቹ መካከል በሚገባ ሽቦ ይነሣል።

ከውስጥ መወርወሪያ ማድረግ ይሻላል?

ጋራዡ ወደ ቤት ወይም ወደ ግቢ የሚወጣ ሌላ በር ካለው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ከውጭ የሚታይ ጓጉንቸር አይኖርም፤ ሌባው የሚጀምርበት ቦታ ያጣል። 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የአርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን) ብረት ለ2.4 ሜትር በር ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሰው ያነሣዋል።

አቀማመጡ በሩ በሚከፈትበት አቅጣጫ ይወሰናል፤ ይህን የሚያገላብጡት ብዙዎች ናቸው። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የመወርወሪያው መያዣዎች ግድግዳው ላይ ይታሰራሉ፤ መወርወሪያው የሚገፋውን መዝጊያ ያግዳል። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ግን መያዣዎቹ መዝጊያዎቹ ላይ በበስቶ አላፊ ብሎን ይታሰሩና መወርወሪያው ከበሩ ወርድ በሁለቱም ወገን በ15 ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ከመቃኑ ጀርባ ይሻገራል። መዝጊያው ወደ ውጭ ሲጎተት ኃይሉ መቃኑና ግድግዳው ላይ ያርፋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከውስጥ የተወረወረ በር ጀርባ የሚቀረው ትንሹ በር አዲሱ ድክመት ይሆናል። እሱም ተመሳሳይ ማጠፊያና ብሎን ይፈልጋል። ጋራዡ ውስጥ የሚተኛ ሰው ካለ ደግሞ መውጫው ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት መሆን አለበት።

መቃኑ ራሱ ከግድግዳው እንዳይገነጠል ምን ላድርግ?

ግድግዳው ምን እንደሆነ መጀመሪያ ይወቁ። የኮንክሪት ዓምድ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባለ 10 ማስፋፊያ ብሎን በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይበቃል። ባዶ ብሎኬት ከሆነ ማስፋፊያ ብሎን አይሠራም፤ ሲጠብቅ የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ ይሰነጥቀዋል፤ የተያዘ ቢመስልም በአንድ ጉተታ ይወጣል። ብሎኬቱን ከመቃኑ ጎን በአራት ቦታ ከፍተው ውስጡን በኮንክሪት ይሙሉና ብሎኑን አብረው ይቅበሩ። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪስ ቆፍረው፣ ጫፉ የታጠፈ ፌሮ ከመቃኑ ጋር አያይዘው፣ በኮንክሪት ይድፈኑት። ሳምንት ሳይሞላው አይነካ፤ ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅም ውሃ ያጠጡት።

ክረምት ሲሆን በሩ አይዘጋም፤ በጋ ደግሞ መሃሉ ይከፈታል። ከደህንነት ጋር ምን አገናኘው?

በቀጥታ ይገናኛል። ሲያብጥ መሸጎሪያው ከቀዳዳው ጋር ስለማይገጥም ሰው ይሰለችና ሳይሸጉር ያድራል። ሲኮማተር ደግሞ በሁለቱ መዝጊያዎች መሃል የሰጌቶ ምላጭ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱን የሚሸፍን ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቅናፍ በአንዱ መዝጊያ ላይ ከላይ እስከ ታች ይታሰር፤ እሱም በበስቶ አላፊ ብሎን።

መዝጊያው ዘንብሎ ከሆነ ሁለቱን ሰያፍ ርዝመቶች ይለኩ፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተበላለጡ ቅርጹ ተጣሟል። የመኪናውን ክሪክ ከነጻው ጫፍ ሥር አድርገው ቀስ ብለው ያንሱት፤ ሰያፎቹ እኩል ሲሆኑ ደጋፊ እንጨት ያስሩ። ደጋፊው ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ነጻ ጫፍ መውጣት አለበት። በተቃራኒው የታሰረ እንጨት ክብደቱን አይሸከምም፤ መገጣጠሚያዎቹን ይስባል፤ በሩም በዓመቱ ተመልሶ ይዘነብላል። ደጋፊዎ የተወጠረ ሽቦ ገመድ ከሆነ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ከላይኛው ማጠፊያ ወደ ታችኛው ነጻ ጫፍ ይወርዳል።

ሁሉንም ገጽ፣ በተለይ የሚረሳውን የታችኛውን ጠርዝ፣ በዘይት ቀለም መቀባት እብጠቱን በእጅጉ ይቀንሳል። በመዝጊያው ታችና በወለሉ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ይተዉ።

ምስጥ የበላው ወይም የበሰበሰ በር መጠገን ያዋጣል?

የታችኛውን አግዳሚ በካቻቪቴ ይውጉት። ያለ ትግል ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ ያ ቦታ ብሎን አይይዝም። ጉዳቱ ከታች 20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ይተካል። የማጠፊያው ወይም የቁልፉ ቦታ ከተበላ መዝጊያውን ይቀይሩ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ቀለምም ኮላም አይይዝም፤ ልብስና መኪናም ያበላሻል። የምስጥ መድኃኒት ተጠቅመው፣ መዝጊያው አፈር እንዳይነካ ማድረግ ይሻላል።

እንጨቱን ላሜራ ባለብሰውስ?

ክብደቱን ያስሉ። 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 15.7 ኪሎ ነው። ወርዱ 1.2፣ ቁመቱ 2.1 ሜትር ለሆነ አንድ መዝጊያ ወደ 40 ኪሎ ይጨምራል። የድሮ ማጠፊያ ይህን አይችልም፤ በሩ ይዘነብላል፤ መሸጎሪያው መግጠም ያቆማል። ከዚያ ይልቅ 40 በ5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ከውስጥ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ አግድም ያስሩ፤ አንዱ ቁራጭ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም፤ ጣውላ ተሰብሮ ሰው የሚሾልክበት ቀዳዳ ግን አይኖርም። ሙሉ ላሜራ ካለበሱ እንጨቱን አስቀድመው ቀብተው ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ለአየር ይተዉ፤ ታፍኖ የቆየ እንጨት ከጀርባ ሆኖ ይበሰብሳል።

በሩን ሙሉ በሙሉ ብረት ማድረግስ? 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በቀጭን ፍሬም ላይ የተለጠፈበት በር በመፈንቀያ እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል። በሚገባ የታሰረ 45 ሚሊ ሜትር ጠንካራ እንጨት ከዚያ ይሻላል ብለን እናምናለን።

የትኛውን ጓጉንቸር ልግዛ?

የጓጉንቸሩ የራሱ ቀለበት ውፍረት ቢያንስ 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጠንካራ ብረት የተሠራ፣ ትከሻው ቀለበቱን የሚሸፍን። በአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 12320 የተፈተኑት ከ1 እስከ 6 ደረጃ አላቸው፤ ለመኪና ከ4 በታች አይውረዱ። የትኛውም ቢሆን ለግራይንደር አይበገርም፤ ግራይንደር ግን ይጮኻል፣ ያበራልም፤ ሌባ የሚጠላው ይህን ነው።

ጓጉንቸሩ ከውስጥ ሆኖ በእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ የሚቆለፍ ከሆነ ቀዳዳውን ዙሪያውን በ3 ሚሊ ሜትር ብረት ሣጥን ይክበቡት፤ እጅ እንዲገባ፣ የብረት መቁረጫ ግን እጀታው ተከፍቶ መሥራት እንዳይችል። ለቅባት ግራፋይት ዱቄት ይጠቀሙ፤ የሞተር ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

በሩ ቢሰበርስ መኪናው እንዳይወጣ የሚያደርግ ነገር አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው እሱን ነው። ከበሩ በስተጀርባ፣ በወርዱ መሃል፣ የሚነቀል ባለ 3 ኢንች የብረት ቱቦ ይተከል። 40 በ40 ሆኖ 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ሰፋ ያለ ቱቦ በኮንክሪት ቀብረው፣ ምሰሶው እዚያ ውስጥ ገብቶ በፒንና በጓጉንቸር ይያዝ፤ ከወለሉ በላይ 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። በር ወርዱ 2.4 ሜትር ከሆነ በሁለቱም ወገን ከ1.2 ሜትር ያነሰ ይቀራል፤ መኪና አይሾልክም፤ 1.3 ሜትር የሚሰፋ ባጃጅም አያልፍም። መጀመሪያ ግን መኪናው ገብቶ በሩ ሲዘጋ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚተርፍ ይለኩ።

ሞተር ሳይክል በዚህ አይታገድም። ወለሉ ላይ የተቀበረ ቀለበት ያድርጉለትና ወፍራም ሰንሰለት በፍሬሙና በኋላ ጎማው አሳልፈው ያስሩት። ሰንሰለቱ ወለል ላይ አይተኛ፤ ወለል ላይ ያረፈ ሰንሰለት በመዶሻም በመቁረጫም በቀላሉ ይበጠሳል።

መብራትና ደወልስ?

ይጠቅማሉ፤ ግን በባትሪ ወይም በሶላር የሚሠሩ ይሁኑ፤ መብራት በሄደበት ሌሊት የማይሠራ ደወል ትርጉም የለውም። በማግኔት የሚሠራ የበር ደወል እንጨት በር ላይ ሲገጠም እብጠቱን ታሳቢ ያድርጉ፤ ክፍተቱ ከዕቃው ልክ ካለፈ በሐሰት እየጮኸ ሰው እስኪያጠፋው ያሰለቻል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ነው ያለሁት፤ በሬ ወደ ላይ ይከፈታል። ምን ይለያል?

በሞተር የሚከፈተው በር ለመብራት መጥፋት ጊዜ የሚሳብ የድንገተኛ ገመድ አለው። ሌባ በበሩ የላይኛ ጠርዝ በኩል ሽቦ አስገብቶ ይህን ማላቀቂያ ሊስበው ይችላል። ገመዱን ቆርጦ መጣል ልክ አይደለም፤ ሰው ውስጥ ሲዘጋበት የሚወጣበት ነው። ማላቀቂያውን ከሽቦ የሚከልል ጋሻ ይግጠሙ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የተሠሩ የቤት ጋራዥ ሞተሮች እንቅፋት ሲያጋጥም ተመልሰው መከፈት አለባቸው፤ ከዚያ የቆየ ሞተር ካለዎት ይቀይሩት። ሪሞቱ ኮዱን በየጊዜው የማይቀያይር አሮጌ ዓይነት ከሆነም እንዲሁ። ሪሞቱን ውጭ በሚያድር መኪና ውስጥ አይተዉ።

በእጅ የሚነሣ የእንጨት በር ከሆነ መሃሉ ላይ ያለው እጀታ ብቻውን ደካማ ነው፤ በግራና በቀኝ፣ ከታች ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ መሸጎሪያ ይጨምሩ። ስፕሪንጎቹን ግን ራስዎ አይንኩ፤ የእንጨት በር ከባድ ስለሆነ የተወጠሩት በትልቅ ኃይል ነው።

መኪናዬ ቁልፉ ኪስ ውስጥ እያለ የሚነሣ ዓይነት ነው።

የቁልፉን ምልክት ከቤት ግድግዳ አሻግሮ እስከ መኪናው በሚያደርስ መሣሪያ ይሰረቃል። ቁልፉን ከጋራዡ አጠገብ አይስቀሉ፤ ምልክት በሚያግድ ከረጢት ያስቀምጡት። ከረጢቱ መሥራቱን ለማወቅ ቁልፉን ከነከረጢቱ ይዘው መኪናው አጠገብ ይቁሙ፤ በሩ ከተከፈተ ከረጢቱ አይረባም።

ሌባው መኪናውን ሳይሆን ዕቃውን ቢፈልግስ?

ስፖኪዮ፣ መብራት፣ ባትሪና ስኮርታ በቦርሳ ወይም በእጅ ስለሚወጡ መሃል ያለው ምሰሶ አያድናቸውም፤ ያለው መከላከያ በሩ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን ስፖኪዮና መብራት ላይ ማስቀረጽ ዕቃውን ለመሸጥ ያስቸግራል። ሊብሬውን መኪና ውስጥ አያሳድሩ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ቤት ይጻፉ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን መኪና ስርቆት አይሸፍንም፤ ለዚያ ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል። ውሉ ላይ ስለ ማሳደሪያ ቦታ የሚለውን ያንብቡ።

ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ከብሎኖቹና ከጀርባ ላሜራው። ቀጥሎ የማጠፊያ ጥርሶች፣ ከዚያ የታችና የላይ መሸጎሪያ። ጓጉንቸሩ አራተኛ ነው። ምሰሶው የሚቀጥለው ደመወዝ ሲደርስ ይመጣል።

ጠዋት ስነሣ በሩ የመፈንቀያ ምልክት አለበት፤ ግን አልተከፈተም።

ሳይነኩ ፎቶ ያንሱ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ። ከዚያ የተላላውን በዚያው ቀን ይጠግኑ። ሙከራው ብሎን አላልቶ፣ እንጨት ሰንጥቆ ስለሚተው ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው ይቀላል። ከእያንዳንዱ ብሎን ጀርባ ያለውን እንጨት ይመልከቱ፤ በጭረቱ አቅጣጫ ስንጥቅ ካለ ቀዳዳውን በኮላና በእንጨት ዘንግ ደፍነው ብሎኑን ቢያንስ በ5 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ በሌላ የጭረት መስመር ላይ እንደገና ይብሱ።